ዳቦ ገዝተሽ ነይ

እጮኛዬን ያባረርኩት በዳቦ ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቦቼ እሺ ብለው፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ጨዋ ሰው። አንድ እሁድ ደሴ እኛ ቤት መጥቶ፣ «እስቲ ዳቦ ገዝተሽ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። አቤት አነዳደዴ! «ገረድህ ነኝ? ውጣልኝ!» ብዬ ቀለበቱን ወርውሬበት በሩን ዘጋሁ። ከእሱ በፊት የነበረውንም ሰኞ ገበያ መሃል «እዚህ ቆዪኝ፣ መጣሁ» ቢለኝ ጥዬው ሄጃለሁ። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ። እኔ ግን ኩራት ይመስለኝ ነበር። ወንድ ሊያዘኝ? ሞቼ ነው!

በዚያው ዓመት እህቴ ጅዳ ለሥራ ልትሄድ ተነሳች። ኢህአዴግ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ የሰፈራችን ሴት ግማሹ ዓረብ አገር ነው። ትንሿ ልጇ ቀሚሷን ይዛ አልለቅም አለች። እናቴ ጠጋ ብላ፣ «ሱቅ ላኪያት፤ እስክትመለስ እህትሽ ትውጣ» አለችኝ። ሳንቲም አስጨብጬ፣ «ብስኩት ገዝተሽ ነይ፣ እማዬ ትጠብቅሻለች» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ አሰብ ወደብ ለሥራ ሲሄድ እኔንም እንዲሁ ነው ያለኝ። ዳቦ ገዝተሽ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ። ስመለስ የለም። ረስቼውም አላውቅ፤ እንዲያውም «አባቴ በዳቦ ሸወደኝ» እያልኩ ሰው አስቅበት ነበር። ያን ቀን አላለቀስኩም እኮ! ዳቦውን ብቻዬን በመብላቴ ደስ ብሎኛል። እሱ እንደወጣ ቀረ፤ ኋላም አሰብ ራሱ የሰው አገር ሆነ። ለካ ያ ዳቦ ሳይወርድልኝ ኖሯል። ለካ ያንን ሁሉ ሰው ሳባርር አባቴን ነው የማባርረው።

ልጅቱን ከበር መልሼ እውነቱን ነገርኳት። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እናቴ «አንቺ ክፉ! ዝም ብትይስ?» አለችኝ። «ክፉስ እናንተ ናችሁ!» አልኳት፤ እናቴን። ልጅቱ እናቷን አቅፋ፣ እየጮኸች፣ ስትሄድ አይታት ቀረች።

ሰንብቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ያንን ሰው ከፋብሪካው ሲወጣ አግኝቼ ሁሉንም ነገርኩት። ሌላ አግብቷል።

«ያን ቀን እኮ አልሄድኩም» አለኝ። «ንዴትሽ ሲበርድ ትወጫለሽ ብዬ እስኪመሽ በራችሁ ላይ ቆሜ ነበር።»

እኔ ደግሞ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ «ይኸው፣ ሄደ አይደል!» እያልኩ ስረግመው ነው የዋልኩት።