ጠባቡ ትሮምቦን

የሙዚቃ ዕቃ መደብሩ ልጅ ያገለገለ ትሮምቦን ሲያቀብለኝ የነሐሱ ሽታ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ጉርምስናዬ መለሰኝ። አጎቴ ሰይድ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ጃዝ ልጫወት ብዬ ስለምነው ወደ አንድ ሻጭ ወሰደኝ።

ሻጩ ሁለት ትሮምቦን አቀረበ፤ አንዱ ቱቦው ሰፊ፣ ውድ፤ ሌላው ጠባብ፣ ርካሽ። ለጃዝ ጠባቡ እንደሚሻል ሰምቼ ነበር፤ መናገር ግን ፈራሁ። አጎቴ ሁለቱንም ከነሻጩ ሐይቁ ዳር ወሰደና የድምፅ መውጫ አፋቸውን በፎጣው ወትፎ፣ ቀዳዳ እንዳላቸው ሊያይ እንደ ብስክሌት ከለመዳሪ ውሃ ውስጥ ነከራቸው።

«ንፋ!» አለኝ።

ሰፊው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ጠባቡ ጭጭ።

«ወላሂ ይሄ ነው! ጠባብ ቱቦ አርቆ ይተፋል» አለ።

ሻጩ ጭንቅላቱን ይዞ «ይሄ እኮ ሙዚቃ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ታዲያ ሙዚቃው ይፍሰስ?» አለው አጎቴ።

«ይሞክሩት እንጂ» አለኝ የመደብሩ ልጅ ከሐሳቤ እየመለሰኝ።

«ባልዲ ውሃ ይኖራችኋል?» አልኩት።