ፈንጣጣ ያወጣው ቢላዋ

አባቴ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ይዟቸው ስለነበር ፊታቸው ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው። በእኛ ቤት ያንን ቃል ማንም አያነሳም። ስለዚህ አንድ ደንበኛዬ ከዓለም ከተማ መጥቶ፣ የሠራሁለትን ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «አይዝግም ብለህ ሸጥክልኝ፤ ይኸው ፈንጣጣ አወጣ!» ሲለኝ፣ ቢላዋውን ትቼ አባቴን አየሁ። እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ለምሸጣቸው ቢላዎች ሰገባ ይሰፋሉ። ቀና አሉና «እሱንም ያዘው?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሥራዬ እዚህ ቀየት በሚባል ደጋ አገር ከማይዝግ ብረት ቢላዋ መሥራት ነው። የተመለሰው ቢላዋ ስለቱ ደህና ነው፤ ገላው ግን የመርፌ ጫፍ በሚያህሉ ጉድጓዶች ተበልቷል። መጀመሪያ ብረቱን ጠረጠርሁና ቀየርሁ። ቀጥሎ እሳቱን ረገምሁ። ከዚያ ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ወለወልሁ። አዲሶቹም ተመለሱ። ንዴቴን ሚስቴ ላይ እየተወጣሁ ሳለ ዓይኔ እጇ ላይ ባለው ቢላዋ ዐረፈ። ከዚያው ብረት የቆረጥሁት ነው፤ ሽንኩርት ሲከትፍ ዓመት አልፎታል፤ አንድ ነጥብ የለበትም። እሱ ግድግዳ ላይ ራቁቱን ይሰቀላል እንጂ ሰገባ አያውቅም።

አባቴ የበግ ቆዳው እንዳይበሰብስባቸው ጨው ነስንሰው ያደርቁትና ይሰፉታል። ጉም ሲወርድ ጨው ይረጥባል፤ የረጠበ ጨው ደግሞ አይዝግም የተባለውንም ይበላል። ለማረጋገጥ ሰገባውን ገልብጬ ልልሰው ስል ዐቢይ ጾም መሆኑ ትዝ አለኝ። በግ በጾም! ፋሲካን ጠብቄ ላስሁት። ጨው ነው።

ማወቄ ግን ደስ አላሰኘኝም። አባቴ ማረስ ትተዋል፤ ሣር ለማጨድ ጓሳ ተራራ ድረስ መውጣቱንም ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። የቀራቸው ይህ ሰገባ ነው። እሱን ከእጃቸው ብነጥቅ ጠዋት ለምን ይነሳሉ? እወዳቸዋለሁ፤ ስለዚህ ፈራሁ። ያን ሰሞን ሙሉ ነገሩን ዋጥ አድርጌ፣ እህሉን ግን መዋጥ አቅቶኝ ቆየሁ።

በመጨረሻ «አባዬ፣ ጥፋቱ የብረቱ አይደለም፤ የቆዳው ጨው ነው» አልኋቸው።

መርፌውን አስቀመጡ።

«ታዲያ ይታጠባ!» አሉ። «ጨውማ ውሃ ካየ ምን አቅም አለው? ይህን ለመናገር ነው እህል እምቢ ያልከው?»

ከዚያ ወዲህ ቆዳውን በርሜል ውስጥ እየዘፈዘፉ ውሃውን ደጋግመው ይቀይራሉ። ጨው መልቀቁን የሚያረጋግጡት በምላሳቸው ነው፤ በጾም ታዲያ ሰገባ አይሰፋም።

ያንን የመጀመሪያውን ቢላዋ ልቆራርጠው ሳነሳ እጄን ያዙኝ። በአውራ ጣታቸው ጉድጓዶቹን ዳሰሱ፤ ያንኑ ጣት ወደ ጉንጫቸው ወሰዱት።

«ለእኔ ተወው» አሉ። «ደንበኛህ መለሰው። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እኔን እንዲህ እንዳለሁ ወሰደችኝ፤ አንድ ቀንም አልመለሰችኝም።»