ልብስ ሰፊዋ ወደ ሐይቁ ያደረገችው ጉዞ

ልብስ ሰፊዋ ጫካውን በእግሯ አቋርጣ ማዶ ያለውን ሐይቅ ልታይ እንዳሰበች ስትናገር ታላቅ ወንድሟ ሳቀባት።

«ምን ጎድሎሽ ነው በዚህ ዕድሜሽ በየጫካው የምትንከራተቺው?»

«ጥሩ ጫማ» አለችው።

ጫማውን ገዛላት። ድንኳኑን ራሷ በሱቋ የስፌት መኪና ሰፋችው። ደንበኛ ሲጠፋ ካርታውን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ውሃ የሚገኝበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ክብ ታደርግበት ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ መንገድ ላይ ዝናብ ያዛት። ድንኳኑ አፈሰሰ፤ ብርድ ልብሷም ራሰ። በማግስቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ወንድሟ «አልኩሽ አይደል» ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው፤ «የተሸነፈው ስፌቱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

ስፌቱን ፈትታ እንደ አዲስ ደርባ ሰፋችው፤ መገጣጠሚያውንም ሰም ቀባችው። በዓመቱ እንደገና ብቻዋን ሄደች። ዳገቱ እያስቆማት፣ ቁልቁለቱ ጉልበቷን እያሳመማት፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ደረሰች። ስደርስ እንባ ይመጣብኛል ብላ ነበር፤ የመጣባት ግን ረሃብ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ የደረቀ ዳቦዋን በላችና ለወንድሟ ደወለች።

«በሰላም ደረስሽ? ነገ በመኪና መጥቼ ልውሰድሽ?»

ውሃውን ትንሽ አየችና፣ «ከነገ ወዲያ ይሁን» አለችው።