ሁለተኛው ድምፅ

ወደ አሜሪካ የሄድኩ ለት ማታ አማቴ እማማ በላይነሽ ቦሌ ድረስ መጥተው ያስታቀፉኝ ጊታር ነበር። «ለልጄ ስጪልኝ» አሉ። «በስልክ ሲያወራኝ ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖብኛል።» እኔም እናንተዬ፣ ከሽሮውም ከበርበሬውም ግማሹን አስቀርቼ ጊታር ታቅፌ ተሳፈርኩ።

ባሌ ሰለሞንና ጓደኛው ታምራት፣ ተማሪ እያሉ ከሬዲዮ የለመዷቸውን የአሜሪካ ዘፈኖች ይዘፍኑ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊ ይዞን ሰው ቤት ስናድር ሌሊቱን የሚያስረሱን እነሱ ናቸው። ሰለሞን ጊታሩን እየመታ ይጀምራል፤ አዝማቹ ላይ ታምራት በቀጭን ድምፅ ከላይ ይገባል። እንግሊዝኛው ለማናችንም በደንብ አይገባንም። ሰለሞን ታዲያ «ሁሉም አንድ ነው የሚሉት፤ አይዞህ፣ ነገ ፀሐይ ትወጣለች ነው» እያለ ይተረጉምልናል። የወደድኩትም በዚያው ነው።

በተጋባን በዓመቱ ሁለቱም ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለጉ በእግራቸው ወደ ሱዳን ጠፉ። ሰለሞን ካርቱም ገብቶ፣ ኋላም አሜሪካ ተሻግሮ ጻፈልኝ። ስለ ታምራት ግን «መንገድ ላይ ቀረ» ከማለት በቀር ምንም አላለም።

ዳላስ ስደርስ የኤርፖርቱ ፈታሽ ጊታሩን አገላብጦ አየው።

«ሙዚቀኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። የባሌ ነው።»

«እሱ የት ነው?»

«እዚሁ ዳላስ።»

«ቴክሳስ ውስጥ ጊታር የጠፋ መሰለሽ?» ብሎ እስኪበቃው ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ሰለሞን አልሳቀም። ከአስር ዓመት በላይ የናፈቅኩት ሰው ፀጉሩ ሳስቶ፣ አበባ ይዞ ቆሟል። አቅፎኝ፣ አልቅሶ፣ ዓይኑ ጊታሩ ላይ ሲያርፍ ፊቱ ጠቆረ። «ይሄን ምን ብለሽ አመጣሽው?» ቤት ስንገባ ክሎዘት ውስጥ ከኮቶቹ ኋላ ከተተው።

ኑሮውን ምን ልበላችሁ? ሙቀቱ አዋሽን ያስመሰግናል፤ ዳቦው እንደ ኬክ ይጣፍጣል፤ ጨው ልበደር ብዬ ጎረቤት ባንኳኳ ሴትዮዋ በሩን በሰንሰለት እንደያዘች በቀዳዳው «ደህና ነሽ? ፖሊስ ልጥራልሽ?» አለችኝ። የሆስፒታል ሎንድሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሥራ ያዝኩ። እዚያ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ይከፈታል፤ የሚዘፈነውም የእነ ሰለሞን ዘፈን! አንሶላ እያጠፍኩ አብሬ ስል፣ ባልማርም አገሩን ያወቅኩት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሰለሞን ከሥራ ሲወስደኝ በመኪናው ሬዲዮ ከነዚያ ዘፈኖች አንዱ መጣ። እጁን ሰዶ ዘጋው።

«ተወው እንጂ! የእናንተ ዘፈን አይደለም እንዴ?»

ከሃይዌይ ወጥቶ አንድ ሱቅ በር ላይ ፓርክ አደረገ። ሞተሩን ሳያጠፋ ነገረኝ።

«እየዘፈንን ነበር የምንሄደው። ውሃው አልቆ ታምራት መራመድ ሲያቅተው አዘልኩት። ጀርባዬ ላይ ሆኖም አዝማቹ ሲደርስ ይገባ ነበር። ከዚያ አንዱ ላይ ሳይገባ ቀረ። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ዘፈኑን ብቻዬን ጨረስኩት።» መሪውን ጨበጠው። «ነገ ፀሐይ ትወጣለች እያልን። ወጣቻ! በእጄ ጭሬ የቀበርኩት በእሷው ብርሃን ነው።»

ከዚያ በኋላ ሎንድሪው ውስጥ ሬዲዮው ሲከፈት ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ እከት ጀመር።

በክረምቱ እማማ በላይነሽ ታመሙ። እሁድ ስንደውል ለሰለሞን «ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ያንን የፈረንጅ ዘፈንህን አንዴ አሰማኝና ልረፍ» አሉት። እንቢ የሚል መስሎኝ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ። ድምፁ ሻክሯል፤ ግን የእሱ ነው፣ የድሮው። አዝማቹ ጋ ደረሰ። ታምራት የሚገባበት ቦታ ላይ ቆመ፤ አንገቱን ወደ ትከሻው ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። እኔ ልግባለት አፌን ከፈትኩ።

ሳልጀምር ስልኩን አቀበለኝ።

«ሃሎ? ሃሎ? መስመሩ ተቆረጠ እንዴ?»

«አልተቆረጠም እማማ።»

«ታዲያ ልጄ ምነው ዝም አለ?»