ሶል ፍለጋ ፒያሳ ድረስ

ሐሙስ ጠዋት ከገላን የተነሳሁት ልጄ የምትዘፍነው ዘፈን ከየት እንደመጣ ለማወቅ ነው። እኔ ዘፈን ፍለጋ ከቤት የምወጣ ሰው አልነበርኩም። ያስወጣኝ ፍርሃት ነው።

ሀያት ሃያ ዓመቷ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሮክ የሚሉትን ሙዚቃ መጫወት ጀምራለች፤ ቅዳሜ መድረክ ላይ ወጥታ አንድ የፈረንጅ ዘፈን ልትዘፍን ነው። ቤት ስትለማመድ እሰማታለሁ። ቀስ ብላ ትጀምራለች፣ ያምራል። መሃሉ ላይ ስትደርስ ግን ትጮኻለች። ጩኸቱ ደግሞ የዘፈን አይደለም፤ መርዶ የሰማ ሰው ጩኸት ነው። የአንገቷ ሥር ይገተራል፣ ፊቷ ይቀላል። ጎረቤቴ ከድጃ መጥታ፣ «ዘሀራ፣ ሮክ የሚባለው የሰይጣን ነው ይላሉ፤ ልጅቷን ሳይይዛት ብትከለክያት ይሻላል» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ሀያትን ብጠይቃት ሳቀች። ዘፈኑ ሲጀመር ሮክ እንዳልነበረ፣ መጀመሪያ የዘፈነችው አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እንደሆነች፣ ነጮቹ በኋላ በጊታር እንደገና እንደሠሩት ነገረችኝ። የጥንቱ ዓይነት ሶል ይባላል አለች፤ ሶል ማለት ደግሞ ነፍስ ማለት ነው። እኔን ልታረጋጋኝ ብላ ነው፣ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። የነፍስ ዘፈን ምን ዓይነት ነው? የሙት ነው እንዴ? ሀያት ድሮ ፒያሳ ያሉ ሆቴሎች ውስጥም ይዘፈን ነበር ሲባል ሰምታለች።

«ሂጂና ሰው ጠይቂ» አለችኝ። «ተመልሰሽ አትዝፈኚ ካልሽኝ ወላሂ እቀራለሁ።»

ብታምጽብኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ስትለኝ ነገሩ ሁሉ እኔ አፍ ላይ ወደቀ። እሺ ብዬ አንድ ነገር ብትሆንስ? እምቢ ብዬ ልቧ ቢሰበርስ? የነጮቹን ዘፈን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፣ እንዴት እንደሚከፈት አሳየችኝ፣ ወጣሁ።

መንገድ ላይ

ከገላን እስከ ቃሊቲ በሚኒባስ፣ ከቃሊቲ ለገሀር በአውቶቡስ ነው የሄድኩት። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጭኗ ላይ አንድ ፌስታል ቆስጣ ይዛ እስከ ለገሀር አንቀላፋች፤ ቀናሁባት። ከለገሀር የያዝኩት ታክሲ ሽቅብ ሲወጣ ቆይቶ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ረዳቱ «የቸኮለ በእግሩ ይሞክረው» ሲል ወረድኩ።

ፒያሳን አውቃታለሁ ብዬ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከወሎ መጥቼ አትክልት ተራ ሽንኩርት ቸርችሬያለሁ። አሁን ግን የማውቀው ቅያስ የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ በድንጋይ ንጣፍ አምሯል፣ አግዳሚ ወንበርም አለ። ዘፈን ቤቶቹ የነበሩበት ጎን ፈርሶ ሜዳ ሆኗል። ቆሜ ግራ ገባኝ። እንደ እንግዳ ሰው ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ያገኘሁትን ሁሉ «ሶል የት ነው የማገኘው?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

አንድ ቀልጣፋ ጎልማሳ ፈጠን ብሎ መለሰልኝ። «ማዘር፣ ሶል ከሆነ ሸምሱ ጋ ነዋ። ያቺ ጥግ ላይ።» እንዲህ ቀላል ነው ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

ሸምሱ ዘንድ

ሸምሱ ጫማ ሰፊ ሆኖ አረፈው። ሁለት ደንበኞች በነጠላ ጫማ ተቀምጠው ጫማቸውን ይጠብቃሉ። ሰላም ብዬ ሶል ፈልጌ እንደመጣሁ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ እግሬን አየና፣ «ሶልዎት ደህና ነው እኮ እናቴ፤ ገና ዓመት ያስኬዳል» አለኝ።

«የጫማ አይደለም፤ የነፍስ ነው» አልኩት።

መዶሻውን አስቀመጠ። «እሱን እንኳ እኛ ጋ አይጠገንም። ያለን የቆዳና የጎማ ነው።» ደንበኞቹ ሳቁ። አንደኛዋ ደግሞ የነፍሱ ሶል ያለቀበት ባለቤቴ ነው፣ ላምጣላችሁ ወይ ብላ ቀጠለች። እኔም ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ። ሸምሱ ደነገጠ፤ ዱካውን አቧራውን ጠርጎ ሰጠኝ። ተቀምጬ የልጄን ነገር ነገርኩት፣ ስልኩን ከፍቼ ዘፈኑን አሰማሁት። ትንሽ ሰማና፣ እንዲህ ያለውን ድሮ ይዘፍን የነበረ ደንበኛ አለኝ አለ። ጋሽ በየነ ይባላል። ምንጊዜም የሚያልቅበት የቀኝ ጫማው ነው፤ ተቀምጦ እንኳ መሬቱን ሲመታ ይውላል። በዚህ ሰዓት ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ካፌ ውስጥ አይታጣም አለኝ። ስነሳ፣ ስለ ሳቁ ይቅር በሉኝ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ባንኮኒው ጋ

ካፌው በር ላይ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፣ በሦስተኛው ገባሁ። ወንዶች ባንኮኒውን ከበው ቆመው ይጠጣሉ፤ ሻሽ አስሬ እንዲህ ያለ ቦታ ብቻዬን ገብቼ አላውቅም። ጋሽ በየነን ግን ወዲያው ለየሁት። ሽማግሌ ነው፣ ክራቫት አስሯል፣ ማኪያቶ ይዞ ቀኝ እግሩን ይመታል። ማን እንደላከኝና ለምን እንደመጣሁ ተንተባትቤ ነገርኩት። ሻይ አዘዘልኝና ስልኩን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ለጠፈ። ጣቱ ባንኮኒውን መምታት ጀመረ። ጩኸቱ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ልጁ ጎበዝ ነው» አለ። «ግን ተቀባዮቹን አባሯቸዋል።»

የምን ተቀባይ እንደሆነ አልገባኝም። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ዘፈኑን በወጣትነቱ ከሸክላ ሰምቶ ነው የተማረው። እንግሊዝኛ ስለማያውቅ ቃሉን በአማርኛ ፊደል እየጻፈ ሸምድዶ ሆቴል ውስጥ ይዘፍነው ነበር፤ ትርጉሙንና ታሪኩን ያወቀው በኋላ ነው። መጀመሪያ የዘፈነችው ሴት ያደገችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እዚያ አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ዓለማዊ ዘፈን ስትጀምርም ያንኑ ይዛው ወጣች። በእንግሊዝኛ «ቆየኝ» ስትል ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች «ገና ነው፣ ገና ነው» ይሏታል። ነጮቹ ሮክ ሲያደርጉት ሴቶቹን አስወጥተው በቦታቸው ጊታር አስገቡ።

«ቆየኝ ብሎ ይጣራል፤ የሚመልስለት የለም» አለኝ። «ታዲያ ምን ያድርግ? ይጮሃል።»

እኔ ያደግሁት መንዙማ ሲባል እየሰማሁ ነው። አባቴ ቤት ሐድራ፣ የዱዓና የመንዙማ ማታ፣ ሲኖር አውጪው ያወጣል፣ ወንዶቹ ይቀበላሉ፣ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ ሆነን እንቀበላለን። አውጪው ሽማግሌ ነበር፣ ድምፁ ሲያልቅበት እኛ እናነሳዋለን። አንድም ቀን ሲጮህ አልሰማሁትም። ይህን ለጋሽ በየነ ስነግረው ክራቫቱን ላላ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘፈኑን ጀመረልኝ፤ ተቀበይኝ በሚል ዓይን ያየኛል። አስተናጋጆቹ ዞሩ። አፌ እምቢ አለ፣ እጄ ግን ሳላዘው ማጨብጨብ ጀመረ። አፍሬ ሻዬን ያዝኩ።

ነፍስ የተባለው ለዚህ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳቀ። እሱና ጓደኞቹ ሆቴል ውስጥ ሲዘፍኑት ሶል ማለት ቀስ ብሎ የሚጨፈር ማለት ይመስላቸው ነበር።

ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄን ይጎዳታል ወይ?»

የማኪያቶውን ስኒ ዞር ዞር አደረገው።

«እንዲህ ከጮኸች ጉሮሮዋን ይጎዳታል፣ እሱን አልደብቅሽም። እኔን ግን የጎዳኝ ዘፈኑ አይደለም እህቴ። ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ከመድረክ ስወርድ የሚቀበለኝ ሰው አልነበረም፤ የተቀበለኝ መጠጥ ነው። ብዙ ዓመት።»

ሻዬን ጨርሼ ተነሳሁ። ስሰናበተው ልጄን በስሟ ጠርቶ፣ ሀያትን ሰላም በያት አለኝ።

ቤት

ስመለስ ርቦኝ ከመንገድ ዳር ትኩስ ፓስቲ ገዝቼ ታክሲ ውስጥ በላሁ። ለሀያትም አንድ አስጠቀለልኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው መቀበል የሚለውን ቃል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬ፣ ዘፈንንም ከመንገድ የሚመጣ ሰውንም ተቀበልን እንደምንል ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። የምፈራው ነገር ግን ሌላ ሆኗል። ጠዋት ስወጣ የምፈራው ዘፈኑን ነበር። አሁን የምፈራው ልጄ ተጣርታ የሚመልስላት እንዳታጣ ነው። ለዚህኛው ቢያንስ የማደርገው ነገር አለኝ።

ሀያት በሩን ከፍታ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። ፓስቲውን ሳትቀበለኝ መልሴን ትጠብቃለች።

«ሂጂ ዝፈኚ» አልኳት። «እኔ እቀበልሻለሁ።»

ቅዳሜ ማታ በር ላይ ቆሜ የምጠብቃት ነው የመሰላት። «ይመሻል እማ፣ መንገዱ ያደክምሻል» አለችኝ። መምጣቱንማ እመጣለሁ አልኳት፤ ደግሞም አልኩና ጋሽ በየነ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ሴቶቹ ስትሰማ ተገረመች። እሷ የምታውቀው የነጮቹን ብቻ ኖሯል።

እስቲ ጀምሪ አልኳት። ከድጃ እንዳትሰማ ብላ ዝቅ አድርጋ ጀመረች። «ቆየኝ» የሚለው ጋ ስትደርስ ልትጮህ አየር ሳበች። በአማርኛዬ፣ «ገና ነው» ብዬ ገባሁ። ዞር ብላ አየችኝ። ሳቋ መጣ፣ ዋጠችው። ከዚያ ያንኑ ቃል ቀስ ብላ ደገመችና ጠበቀችኝ።