ምሰሶው የተነቀለው ቤት

ዝናብ የነካው አሮጌ እንጨት ሲሸተኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ሆሊውድ አጠገብ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የነበረው የልጅነት ቤታችን ፊቴ ድቅን ይላል። ታች ምግብ ቤታችን፣ ላይ መኖሪያችን ነበር። አገሩ የናፈቀው አንድ እንግሊዛዊ ከብዙ ዘመን በፊት የአገሩን መጠጥ ቤት አስመስሎ ያሠራው ነው ይባል ነበር። ነጩን ግድግዳ ጥቋቁር እንጨቶች ቁልቁልና አግድም ያቋርጡታል፣ ፎቁ ከምድር ቤቱ ወጣ ብሎ መንገዱን አጎንብሶ ያያል፣ መስኮቶቹ በእርሳስ ብረት የተያያዙ ትንንሽ መስታወቶች ስለነበሩ ፀሐይ ተሸራርፋ ነበር የምትገባው። እኔ ስወደው፣ እናቴ «መቃብር ቤት» ትለው ነበር።

ውስጡ በእንጨት ግርዶሽ በትንንሹ ተከፋፍሎ፣ አንዱ ጋ የተቀመጠ ሌላውን አያይም ነበር፤ የድሮዎቹ ጠጪዎች ከሚስቶቻቸው ይደበቁበት እንደሆነ እንጃ። መሀል ላይ ክንዴን ዘርግቼ አቅፌ የማልጨርሰው ጥቁር ምሰሶ ቆሞ ነበር፤ በሙቀቱ ወራት ቀዝቃዛ ስለሚሆን ጉንጬን እያስደገፍኩ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

ዝናቡ ሲገባ እናቴ የወንድሟን መርዶ ሰማች። ሰዉ ከየሥራው፣ ከሆሊውድ ፓርኪንግ፣ ከዌስትቼስተር ሆቴሎች ከነዩኒፎርሙ እየመጣ ባገኘው ክፍል ተቀመጠ፤ ስለማይተያይም እዚህ ሲለቀስ እዚያ ይሳቃል። እናቴ ሰዉ ሲሄድ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ወንድሜን በየጉድጓዱ ነው ያለቀሱልኝ። ማን እንደመጣልኝ እንኳ አላየሁም» አለች።

ፋሲካ ሲቃረብ አባቴ፣ ሰዉ እንዲተያይላት ብሎ፣ ቤት ማደስ ሥራው የሆነውን ጓደኛውን ጋሽ ታደሰን ጠራ። ጋሽ ታደሰ ግርዶሾቹን አፈራርሶ ሲያበቃ ምሰሶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ወደ አባቴ ዞሮ ሳቀ።

«ግርሜ፣ ይሄ እኮ ፌክ ነው። ሆሊውድ ስንቱን ቤት ሪሞዴል አድርጌያለሁ፣ ሁሉም ለስታይል የተለጠፈ ነው። ዶንት ወሪ።»

እውነቱን ነበር፣ በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ እንጨት ሁሉ ጌጥ ነው። ምሰሶው ወጣ። የፋሲካ ዕለት ሰዉ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ፊት ለፊት ተያይቶ ሲበላ፣ እናቴ ያንን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ «ቤቴ» አለችው።

በጋው ሲያልቅ በሮቹ አልዘጋ አሉ፣ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ መንሸራተት ጀመረ። ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ፣ ሁላችንም ደጅ ሳለን፣ ፎቁ ከመሀሉ ሰመጠ። ከከተማው የመጣው መሐንዲስ ያ እንግሊዛዊ እንደ ጎረቤቶቹ እንዳላስመሰለ ነገረን፤ እንጨቱን በእንጨት ችንካር እያያያዘ የእውነት ሠርቶት ኖሯል፣ የፎቁም ክብደት ሁሉ በዚያ ምሰሶ ላይ ነበር። ጋሽ ታደሰ እንደ ልጅ አለቀሰ። አባቴ አላለቀሰም፣ አልተቆጣም፣ ቤቱ እስኪፈርስ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየ። ከዚያ በኋላ ሆሊውድ የሰው መኪና ፓርክ እያደረገ ኖረ፤ እኔ ግን አባቴን ያን ቀን ነው ያጣሁት።

አሁን በቦታው የመስታወት ፎቅ ቆሟል። እኔ የምኖረው ግሌንዴል ነው፤ ሳሎኔ ሰፊ ነው፣ መሀሉ ላይ ምንም የለም። አምና እናቴ ስታርፍ ለቀስተኛው ሳሎኔን ሞላው፣ ሰዉ ሁሉ ይተያይ ነበር። እሷ ብታየው ብዬ ሳለሁ አባቴ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እባካችሁ፣ አንድ ላይ አትሁኑ። በየክፍሉ ግቡ፣ ቤቱ አይችልም።»

«አባባ፣ ኮንክሪት እኮ ነው» አልኩት እጁን ይዤ። አልሰማኝም፣ እጁን አስለቅቆ ወደ መኝታ ቤቱ በር አመለከተ። ሰዉ እሱን አክብሮ አንድ በአንድ ተነሣ፤ ገሚሱ ወደ መኝታ ቤት፣ ገሚሱ ወደ ኩሽና ገባ። እናቴም፣ እንደ ወንድሟ፣ በየጓዳው ተለቀሰላት።