ጌሙ እስኪቀዘቅዝ

የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ቢሮም ልሁን መንገድ ላይ፣ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር የነበረው ጠባቡ ሳሎናችን ከነሙቀቱ ይመጣብኛል። አባቴ፣ ጊጊሪ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ከሸጠው ዕቃ መሃል ገዝቶ፣ ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀያይሮ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ያመጣልን የጌም ማጫወቻ ሽታ ነው። እናቴም ከቴሌቪዥኑና ከፍሪጁ አላሳነሰችውም፤ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አልብሳ ቡፌው ውስጥ አስቀመጠችው። ስንጫወት ከፊቱ ገለጥ እናደርግለታለን እንጂ ዳንቴሉን ማንሳት ክልክል ነበር።

አባቴ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የካርጎ መጋዘን ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ሰንብቶ፣ እሁድን ብቻ ከእኛ ጋር ይውል ነበር። ወሬ የሚባል ነገር አያውቅም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳውን በልቶ፣ እኔንና ታላቅ እህቴን ማህሌትን ደስ ይበላቸው ብሎ ጆይስቲኩን ይዞ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ጎል በላዩ ላይ ሲዘንብ «ጎበዝ» ይለን ነበር።

በጥርና በየካቲት፣ ናይሮቢ በፀሐይ ስትነድ፣ የጌሙ ፋን ገና የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ማጓራት ይጀምርና ሁሉ ነገር ድርግም ይል ነበር። ያልሞከርነው አልነበረም። በካርቶን አራገብንለት፣ በአራቱም ማዕዘን ቆርኪ ከሥሩ ሸጉጠን ከፍ አደረግነው፣ ማህሌት እንዲያውም ፍሪጅ ውስጥ ልትከተው ስትል እናቴ ደረሰችባት። በመጨረሻ የቀረን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነበር።

አባቴ ማውራት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ዝም ብለን ስንቀመጥ፣ ካልተናገረ እንቅልፍ የሚጥለው መስሎት ይሆናል፣ ከታላቅ ወንድሙ ከታደሰ ጋር ከአገር እንዴት እንደወጡ ይነግረን ጀመር። አጎቴን ታደሰን የማውቀው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ ብቻ ነበር፤ ስሙ ሲነሳ እናቴ ወሬ ትቀይራለች። የት ቀረ? ሞተ? ይህን ለማወቅ እጓጓ ነበር፤ አባቴ ግን በየእሁዱ ቆንጠር እያደረገ አውርቶ፣ ጌሙ ሲቀዘቅዝ እሱም ያቆም ነበር።

በሚያዝያ ዝናቡ ሲመጣ መብራት እየጠፋ፣ አባቴም ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይተኛ ነበር። ሐምሌ ደግሞ ባሰ። ሹራብ ላይ ሹራብ በሚያስደርበው ብርድ ጌሙ ጤነኛ ሆኖ ያለማቋረጥ ሲሠራ፣ አባቴ ጆይስቲኩን እንደጨበጠ ያንቀላፋ ነበር። የዓለም ልጅ ሁሉ የሚመኘውን ያልተቋረጠ ጨዋታ አግኝቼ፣ እኔ ሙቀት ናፈቀኝ።

ሙቀቱ ሲመለስ ወሬውም ተመለሰ። ወንድሙን ድንበሩ ላይ፣ ሞያሌ፣ ወባ ሲጥለው አንዲት ሴት ቤት አስተኝቶት፣ አባቴ ብቻውን በጭነት መኪና ናይሮቢ ገብቶ፣ ሥራ ሲያገኝ ሊወስደው ተመልሶ ሄደ።

«በሩን አንኳኳሁ፤ ሴትየዋ ከፈተችልኝ» አለ አባቴ፣ ዐይኑን ጥቁሩ ስክሪን ላይ ተክሎ። «አየችኝና…»

«በቃ፣ ቀዝቅዟል! ኦን ላድርገው?» ብላ ማህሌት መልስ ሳትጠብቅ ማብሪያውን ተጫነችው። አባቴም ጆይስቲኩን አነሳ።

የሚቀጥለውን እሁድ እንደዚያ ሳምንት ጠብቄ አላውቅም። ቅዳሜ ማታ ግን አባቴ ከሥራ ሲገባ ጌሙን በፌስታል ይዞት ነበር፤ ለካ ጠዋት ሲወጣ ሳናየው ወስዶት ኖሯል።

«ጌም የሚጠግነው ፉንዲ ከፍቶ ቢያየው ፋኑን ያነቀው የእናታችሁ ዳንቴል ክር ነው» እያለ ሳቀ። «ጠርጎ አዲስ ፋን አስገባለት። ከእንግዲህ እስኪበቃችሁ ተጫወቱ።»

እናቴ አኩርፋ ዳንቴሏን አነሳች። ማህሌት የአባቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኔ ዕንባዬ መጣ፤ ከሥራ በኋላ ያን ሁሉ መንገድ ተንከራትቶ ለእኛ ሲል ያሠራውን ሰው፣ «ባታሠራው ይሻለኝ ነበር» እንዴት ይባላል? ጌሙ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልጠፋም። ወሬውም እዚያው በሩ ላይ ቀረ።

አሁን አባቴ ጡረታ ወጥቶ ከእኔ ጋር ይኖራል። ያኔ ከእሁድ በቀር ጊዜ ያልነበረው ሰው ዛሬ ሰባቱም ቀን የሱ ነው፤ አምሽቶ የሚገባው እኔ ሆኛለሁ። ባለፈው ሰሞን ከሥራ ገብቼ አጠገቡ ቁጭ እንዳልኩ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ሞያሌ ላይ በሩን የከፈተችልህ ሴት ምን አለችህ?»

ሊናገር ወደ እኔ ዞረና ፊቴን አየው።

«ደክሞሃል ልጄ» አለኝ። «ሌላ ቀን እነግርሃለሁ።»

እውነትም ደክሞኝ ነበር። እሺ አልኩት።